የጭቃው ጥበብና ያልተጠየቀው ነዋሪ

ከኪነ ጥበብ ዘርፎች ሁሉ የሂስ ብዕር አዘውትሮ ዘሎት የሚያልፈው ኪነ ሕንፃን ነው። ግጥሙ ያልጣመው አንባቢ መጽሐፉን ይከድናል፤ ተውኔቱ የሰለቸው ተመልካችም መጋረጃው ሳይዘጋ ወጥቶ ይሄዳል። ቤቱ ያልተስማማው ሰው ግን በዚያው ቤት ይተኛል፤ በዚያው ያበስላል፤ ልጁን በዚያው ያሳድጋል፤ ሲታመምም የሚያቃስተው በዚያው ጣራ ሥር ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ ስለ አንድ አዲስ ሕንፃ ሲጻፍ የሚነገረው ቁመቱ፣ የፈጀው ገንዘብና የመረቀው ባለሥልጣን ስም ነው። ነዋሪው ሐምሌን እንዴት እንደሚዘልቀው፣ በበጋው ፀሐይ ጣራው እንዴት እንደሚያነደው፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ማን እንደሚያድሰው የሚጠይቅ ጽሑፍ እጅግ ጥቂት ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ «ዘላቂ ሕንፃ» የሚለው አነጋገር ከባለሙያው አልፎ በየስብሰባው ይሰማል። ሐሳቡ በመሠረቱ ቀና ነው። ሲሚንቶ ማምረት ብቻውን የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ እንደሚይዝ ይገመታል። ስለዚህ በአካባቢው ካለው አፈር፣ ከሚነፍሰው ነፋስና ከሚያርፈው ጥላ ጋር የሚስማማ ቤት መሻት የጊዜው ጥያቄ መሆኑ አያከራክርም። ችግሩ አነጋገሩ እንደ ልስን ሁሉን መሸፈን መጀመሩ ነው። ከመስታወት ግድግዳው ሥር ጥቂት አበባ የተከለ ሕንፃ ዘላቂ ይባላል፤ የአፈር መልክ ያለው ቀለም የተቀባ የሲሚንቶ ግንብም እንዲሁ። ቃሉ ምን ያህል እንደሚመዝን ለማወቅ አንድን ሥራ አንሥቶ ከሥር ከመሠረቱ መመርመር ይሻላል። ለዚህም በአፍሪካ ምድር ከግብፃዊው አርክቴክት ከሐሰን ፋትሒ የጉርና መንደር የበለጠ የሚያስተምር ሥራ ማግኘት አዳጋች ነው።

ሐሰን ፋትሒ እ.ኤ.አ. በ1900 በእስክንድርያ ተወልዶ በ1989 ያረፈ፣ የሙያ ዕድሜውን ለአፈር ቤት የሰጠ ሰው ነው። ከባለ መሬት ቤተሰብ የተገኘ ነው፤ ይሁንና ያሳሰበው የገበሬው ጎጆ ነበር። የዘመኑ የተማረ ግብፃዊ ዓይን ወደ አውሮፓ ሲያማትር ፋትሒ የግብፅ ገበሬ ቤት የሚሠራበት ነገር ከእግሩ ሥር እንዳለ ተናገረ። ሲሚንቶና ብረት ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ጭቃ ግን ገበሬው ያለው ነው። ይህ ክርክር ዛሬ ቀላል ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን ጭቃን ከድንቁርናና ከበሽታ ጋር አንድ አድርጎ ለሚያየው ቢሮክራት እንደ ቅዠት የሚቆጠር ነበር።

ፋትሒ ያጋጠመው እውነተኛ እንቅፋት ጣራው ነበር። ግድግዳን ከጭቃ ጡብ ማቆም ለማንም አይከብድም፤ ጣራ ግን ወራጅ ይፈልጋል፤ ወራጅም እንጨት ነው፤ ግብፅም እንጨት የላትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ከውጭ የሚመጣው እንጨትና ብረት ሲቋረጥ ችግሩ ባሰ። ፋትሒ በጭቃ ጡብ እንደ በርሜል ግማሽ የጎበጠ ጣራ ለመሥራት ሞከረ፤ ዘዴውን የሚያውቅ ግንበኛ በአካባቢው ስላልነበረ ጣራው ፈረሰ። ኋላም በአስዋን አካባቢ ያሉ ኑቢያውያን ያለ እንጨት ድጋፍ እንደሚጎብጡት ሰምቶ እ.ኤ.አ. በ1941 ወደዚያ ወረደ፤ ባየውም ተደነቀ።

ዘዴው ሊብራራ ይገባዋል፤ ኪነ ጥበቡ ያለው በዚህ ውስጥ ነውና። ግንበኞቹ በመጀመሪያ የክፍሉን የኋላ ግድግዳ ከፍ አድርገው ያቆሙና በግድግዳው ላይ የቅስቱን መስመር በጭቃ ይስላሉ። የመጀመሪያዎቹን ጡቦች በዚያ መስመር ላይ ወደ ግድግዳው ጋደል አድርገው ይለጥፏቸዋል። ቀጣዩ ረድፍ በፊተኛው ላይ ይደገፋል፤ ሦስተኛው በሁለተኛው ላይ፤ እንዲህ እያለ ጣራው በአየር ላይ እየጋደለ ይራመዳል። ለዚህ የሚውለው ጡብ ስስ ነው፤ ቀለል እንዲል ጭድ ይበዛበታል፤ ከመድረቁ በፊት በጣት ስለሚፋቅ እርጥቡን ጭቃ አጥብቆ ይይዛል። ባለሙያው ከመጥረቢያ በቀር መሣሪያ፣ ከዓይኑ በቀር መለኪያ አያሻውም። የተገኘውም ቅስት መሐንዲሱ ኃይልን አስልቶ ከሚያወጣው መስመር ጋር የሚቀራረብ ነው። ፋትሒ ይህ ጥበብ ጥንታዊ መሆኑን ለማረጋገጥ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። በጉርና አጠገብ፣ በዳግማዊ ራምሴስ ቤተ መቅደስ ቅጥር ውስጥ ከ3,000 ዓመት በላይ የሆናቸው የጭቃ ጡብ ጎተራዎች ጎባጣ ጣራቸውን እንደያዙ ቆመው ነበር።

ጉርና የምትገኘው ከሉክሶር ማዶ፣ ከዓባይ በስተ ምዕራብ ነው። የአሮጌው መንደር ነዋሪዎች ቤታቸውን የሠሩት በጥንት መኳንንት መቃብር ላይ ነበር። ከእነርሱም አንዳንዱ ለአርኪዎሎጂስቶች በቀን ሠራተኛነት፣ አንዳንዱ አስጎብኚ በመሆን፣ ሌላው ደግሞ ከመቃብሩ የሚወጣውን ቅርስ በስውር በመሸጥ ይተዳደር ነበር። (በዚሁ ተራራ ቅርስ ሸጦ ስለሚኖር ጎሣ የሻዲ አብደል ሰላም ፊልም፣ «ሙሚያ»፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የሠራው ትረካ ከብዙ ጥናት የበለጠ ጉዳዩን ወደ ልብ ያቀርባል።) ከአንድ መቃብር ውስጥ የግድግዳ ቅርጽ ተቆርጦ ከተሰረቀ በኋላ የቅርስ መሥሪያ ቤቱ 7,000 ያህል የሚሆነውን ሕዝብ ወደ ሜዳው ለማውረድ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1945 አዲሱን መንደር የመንደፉ ሥራ ለፋትሒ ተሰጠ።

ያወጣው ንድፍ በተራ የመንግሥት ሠፈር ሊመደብ የሚችል አይደለም። ቤቶቹ እንደ ወታደር ሰፈር በረድፍ አልተሰለፉም፤ ዘመድ ከዘመዱ ጋር በጋራ ግቢ ዙሪያ እንዲሰፍር ታስቦ ተነደፉ። መንገዶቹ ጠበብ ብለው ይጠማዘዛሉ፤ በዚህም ጥላ ይበዛል፤ ባዕድም እንደ ልቡ አያቋርጣቸውም። ወፍራሙ የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሐሩር ወደ ውስጥ አያስገባም። የትምህርት ቤቱ ክፍሎች «መልቀፍ» በሚባለው የነፋስ መያዣ ይበርዳሉ፤ ከጣራ በላይ ወጥቶ ነፋሱን የሚቀበለው ይህ ጭስ ማውጫ መሰል ቀዳዳ አየሩን በውሃ በራሰ ከሰል ላይ አሳልፎ ወደ ተማሪዎቹ ያወርደዋል። ኤሌክትሪክ አይፈጅም፤ ቢሰበርም የመንደሩ ሰው ይጠግነዋል። መስጊድ፣ ገበያ፣ የእጅ ጥበብ ሥራ የሚሸጥበት ቤትና ቲያትር ሁሉ በንድፉ ውስጥ ነበሩ።

ቲያትሩ ለብቻው መታየት ይገባዋል። በዚያ ዘመን ለገበሬ መንደር ቲያትር መንደፍ ያሰበ ሌላ አርክቴክት መኖሩ ያጠራጥራል። ጣራ የለውም፤ መድረኩ ከጭቃ ጡብ ተገንብቷል፤ ተመልካቹ ዙሪያውን በደረጃ ይቀመጣል። ፋትሒ ቲያትሩን ያሰበው ከከተማ ለሚመጣ የተውኔት ቡድን ብቻ አልነበረም፤ የመንደሩ ሰው የራሱን ጨዋታና ጭፈራ የሚያሳይበት ስፍራ እንዲሆን ነበር። ለገበሬው መኝታና በረት ብቻ ይበቃዋል ብሎ የሚያስብ የቤት ፖሊሲ ሁሉ ከዚህ አንድ ቲያትር ፊት ያፍራል። ቅርፁም ይዘቱም አንድ ላይ የሰመሩበት ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን ጉርናውያን አልገቡበትም።

ሥራው ለሦስት የሥራ ወቅቶች ያህል ከተጓተተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1948 ቆመ፤ ከታቀደውም የተፈጸመው ጥቂቱ ነው። ነዋሪዎቹ ተቃወሙ፤ እንዲያውም ወንዙ ሲሞላ ግድቡ ተጥሶ ውሃ ወደ አዲሱ መንደር እንደ ተለቀቀ ፋትሒ ራሱ ጽፏል። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛው ሕዝቡ ከመቃብሩ የሚያገኘውን ጥቅም ላለማጣት ነው የሚል ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ ጉልላት ያለው ጣራ በአካባቢው የመቃብር ምልክት ስለሆነ ሕያዋን ሊገቡበት አልወደዱም የሚል ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ይሁንና ሁለቱም ጥፋቱን ከነዋሪው ላይ ይጥሉታል፤ የመጀመሪያው ሌባ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው አጉል አማኝ።

ፋትሒ ቤተሰቦችን ማነጋገሩ አይካድም። እያንዳንዱ ቤት ለገባበት ቤተሰብ ልክ ተሠፍቶ እንደሚሰጥ ልብስ እንዲሆን ጥሯል። ነገር ግን የጠየቃቸው «መስኮቱ ወዴት ይሁን?» ብሎ ነው፤ «ትወርዳላችሁ ወይስ ትቀመጣላችሁ?» የሚለው ጥያቄ በቢሮ ተወስኖ ያለቀ ነበር። በሌላ ሰው ውሳኔ የሚፈርስ ቤት ያለው ሰው ስለ አዲሱ መስኮት ምን ያህል በቅንነት ሊነጋገር ይችላል? ምክክሩ የጀመረው ዋናው ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ደራሲው የተውኔቱን መጨረሻ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ተዋናዮቹን «ምን ብላችሁ ብትናገሩ ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቅ ዓይነት ነው።

ከዚህም የከፋው ግማሹ ነዋሪ ጨርሶ አለመጠየቁ ነው። የጉርና ሴቶች ከባዕድ ወንድ ፊት ስለማይወጡ ሊያነጋግራቸው እንዳልቻለ ፋትሒ አምኗል። ስለ ምድጃው፣ ስለ ውሃው፣ ስለ እህሉ ማስቀመጫ የተናገሩት ባሎችና ሽማግሎች ነበሩ። የዚህ ጉድለት ውጤት ከሁሉ ይልቅ የታየው በውሃው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በካይሮ ታትሞ በ1973 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት «ኪነ ሕንፃ ለድኾች» በሚል ርእስ በወጣው መጽሐፉ ፋትሒ ቧንቧ ወደየቤቱ መግባቱ የሚያስቀረውን ነገር እያሰበ ይቆዝማል። ልጃገረድ እንስራ ይዛ ወደ ውሃ መውረዷ ከቤት የምትወጣበት፣ ጎረምሳም አይቶ የሚመርጥበት አጋጣሚ መሆኑን ይገልጻል።

የመንደሩ ማኅበራዊ ሕይወት ለፋትሒ የሚታየው ከቲያትሩ ወንበር ላይ ሆኖ ነው። ከዚያ ሲታይ እንስራ የተሸከመች ልጅ መልካም ሥዕል ናት። በትከሻዋና በአንገቷ ላይ ያለው ክብደት ግን ከወንበሩ አይታይም። በኢትዮጵያ ገጠር ወደ ምንጭ ሲወርዱ ያደጉ ሴቶች ያንን መንገድ የሚያስታውሱት በመተጫጨቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጆቻቸውን ከእንስራ ለማላቀቅ ያን ያህል ባልደከሙ ነበር። መተያያ ስፍራ ማስፈለጉ እውነት ነው፤ ለዚያ ሲባል ውሃን ማራቅ ግን ነዋሪውን ለትዕይንት ማዋል ይሆናል። እጅግ ስሜተ ስስ የሆነ የኪነ ጥበብ ሰው በዚህ ነጥብ ላይ መሳቱ በኪነ ሕንፃ ውስጥ ውበት ብቻውን የሚያደርሰውን ስሕተት ያሳያል።

ጉርና ዛሬ ያለችበት ሁኔታ ክርክሩን በራሱ መንገድ ቀጥሎታል። እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ታላቅ ግድብ ከተጠናቀቀ በኋላ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ አለ፤ ጨው እያወጣም የጭቃ ግድግዳዎችን ሥር በላ። ከጊዜ በኋላ የሰፈሩት ቤተሰቦች ሲበዙ ብዙዎቹን ቤቶች አፍርሰው በሲሚንቶ ፎቅ ተኩ። የዓለም ሐውልቶች ፈንድ መንደሩን እ.ኤ.አ. በ2010 ለአደጋ ከተጋለጡ ቅርሶች ተርታ አሰፈረው፤ ዩኔስኮም ለጥበቃው ተነሣ። አሮጌዋ ጉርና ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአብዛኛው ፈርሳ ነዋሪዎቿ ወደ ሌላ አዲስ ሠፈር ተወሰዱ፤ ፋትሒ ያልቻለውን ቡልዶዘር ቻለው። ከፋትሒ ሕንፃዎች መካከል ከሌሎቹ ይልቅ በደኅና ይዞታ የቆየው መስጊዱ ነው። ምእመናኑ በየዕለቱ ይሰግዱበታል፤ የሚገለገሉበት የራሳቸው ነውና።

የጉርና ሰዎች ጭቃን ጠልተው ነው የሚለው አስተያየት ሌላ ምስክር ሲቀርብበት ይዳከማል። ይህም ምስክር በምዕራብ አፍሪካ በቡርኪና ፋሶ የምትገኘው የጋንዶ መንደር ናት። ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ እ.ኤ.አ. በ1965 በዚያ ተወለደ፤ የመንደሩ አለቃ የበኩር ልጅ ነው። በመንደሩ ትምህርት ቤት ስላልነበረ በልጅነቱ ከቤት ወጥቶ ተማረ፤ ኋላም በርሊን ገብቶ ኪነ ሕንፃ አጠና። ገና ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ ያሠራው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ፤ በ2004 የአጋ ካን የኪነ ሕንፃ ሽልማትን አገኘ። ኬሬም በ2022 የፕሪትዝከርን ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

ጋንዶም ውስጥ ጭቃ ተጠርጥሮ ነበር። የመንደሩ ሰው ዝናብ የጭቃን ግድግዳ እንዴት እንደሚያሟሟው በየዓመቱ ያያልና ከውጭ የተማረው ልጃቸው ተመልሶ ያንኑ ጭቃ ሲያቀርብላቸው ግራ መጋባታቸው የሚጠበቅ ነው። ኬሬ ጥርጣሬውን በንግግር አላለፈውም፤ በሥራ መለሰው። አፈሩ ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ተደባልቆ በእጅ መኪና ተጨምቆ ጡብ ሆነ። በግድግዳው ላይ ያረፈው የጡብ ኮርኒስ ቀዳዳ አለው፤ ከኮርኒሱም በላይ በቀጭን የፌሮ ብረት ተሸካሚዎች ላይ ሰፊ የቆርቆሮ ጣራ ከፍ ብሎ ተንሳፏል። ቆርቆሮው ፀሐይዋን ይቀበላል፤ የሞቀው አየር በመካከሉ ያመልጣል፤ ክንፉም ግድግዳውን ከዝናብ ይጋርዳል። ብረቱን ለማንሣት ክሬን አላስፈለገም፤ የመንደሩ ሰዎች በእጃቸው ተሸክመው እዚያው በየዱት። ሴቶች ውሃ ቀዱ፤ ልጆችና አዋቂዎች ለመሠረቱ ድንጋይ አመጡ። ኋላ ለተነደፈው ቤተ መጻሕፍት ሴቶቹ የሚሠሯቸው የሸክላ ማሰሮዎች አፍና ቂጣቸው ተቆርጦ በጣራው ውስጥ ሲተከሉ የብርሃንና የአየር መግቢያ ሆኑ።

በንጽሕና ዓይን ለሚመለከት ሰው የጋንዶ ትምህርት ቤት ከጉርና ያነሰ ነው፤ ሲሚንቶ አለበት፤ ብረት አለበት፤ ቆርቆሮ አለበት። ፋትሒ በዚህ ቅር ሊሰኝ ይችል ነበር። ልዩነቱ ግን ከቁሳቁሱ አልፎ ይሄዳል። ጋንዶ ትምህርት ቤት ፈልጋ ነበር፤ ማንም ከቤቷ አላፈናቀላትም፤ በግንባታው ላይ የሠራውም ወጣት ጡብ መጨመቅና ብረት መበየድ ተምሮ ወጣ። ስለዚህ ሕንፃው ሲሰነጠቅ የሚጠግነው ሰው እዚያው አለ። አንድ ሥራ ለተፈጥሮ አካባቢ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ጥያቄ በዚህ በኩል ሲታይ ከካርቦን ስሌት በፊት አንድ የቆየ ጥያቄ ያስቀድማል፤ ይኸውም የሚጠግነው ማን ነው የሚለው ነው። ተጥሎ የሚፈርስ ሕንፃ ከምንም ይሠራ ከምን፣ የፈጀው አፈርና ጉልበት ሁሉ ባክኗል።

ይህ መመዘኛ ወደ አገራችን ሲመጣ ለብዙዎች ውድ የሆነውን ጭቃ ቤት ያለ ርኅራኄ መፈተኑ አይቀርም። «የአያቶቻችን ቤት ተፈጥሮን የጠበቀ ነበር» የሚል ንግግር ይሰማል። በእርግጥ በምርጊቱ ጊዜ ጭቃውን በጭድ አብኩቶ የሚረግጠው ደቦ፣ ከክረምት በኋላ ለዓውደ ዓመት ግድግዳውን የምትለስነው እናት፣ የጠጅና የጠላው ሞቅታ ሁሉ የጋራ ሥራ ባሕል መኖሩን ያስረዳሉ። ነገር ግን የደጋው ጭቃ ቤት ልስኑ ተነሥቶ ሲታይ ጭቃ የለበሰ የእንጨት ቤት ነው። ምሰሶው፣ ወጋግራው፣ ማገሩ፣ ወራጁ ሁሉ እንጨት ነው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን በማገዶና በቤት መሥሪያ ፈጥኖ በማለቁ ምኒልክ ባሕር ዛፍ ማስተከላቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ ከጭቃ ቤት ጀርባ ሁልጊዜ የተቆረጠ ዛፍ አለ። የፋትሒ ጎባጣ ጣራ የመለሰው ይህንኑ ጥያቄ ነበር።

ታዲያ የኑቢያን ጣራ አምጥቶ በአዲስ አበባ መትከል ነውን? በፍጹም። ሉክሶር ዝናብ የማያውቅ አገር ነው፤ አዲስ አበባ ግን በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ትቀበላለች። ሙሉ በሙሉ ከጭቃ ጡብ የተሠራ ጉልላት አንድ ክረምት እንኳ በደኅና አይወጣም። የሣር ክዳን ጠርዙን ከግድግዳው አርቆ የሚያወርደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚህ ረገድ የጋንዶ ሰፊ ክንፍ ያለው ጣራ ለደጋው ሰው ከጉርና ጉልላት ይልቅ ዘመድ ነው። የዶርዜ የቀርከሃ ቤት ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ በዓመታት ውስጥ እየዝቅ ይሄዳል፤ ባለቤቱም የተበላውን እየቆረጠ ይኖርበታል፤ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን ተሸክሞ ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውረዋል። መበላቱን አስቀድሞ በንድፉ ውስጥ ያስገባ ሕንፃ ነው። ከየስፍራው ቅርፁን ገልብጦ ከመውሰድ ይልቅ ቅርፁን ያስገኘውን ምክንያት መማር የሚሻለው ለዚህ ነው።

የጥገናው ጥያቄ በአዲስ አበባ ታሪክ ውስጥ በግልጽ የታየበት ዘመንም አለ። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ የከተማ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ አብዛኞቹ ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ለድኻው መቅለሉ ትልቅ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ከኪራዩ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለእድሳት የሚበቃ አልሆነም፤ ተከራዩም የእርሱ ያልሆነውን ቤት በራሱ ወጪ ለማደስ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ማገሩ በሰበሰ፤ ምርጊቱ ረገፈ፤ ቆርቆሮው ዛገ። ጭቃ በየዓመቱ እጅ የሚፈልግ ነገር ነው፤ እጅ ሲያጣ ከሲሚንቶ ቀድሞ ይወድቃል። ኋላም እነዚያ መንደሮች ሲፈርሱ ጥፋቱ የጭቃው ነው ተባለ።

እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም መልሱ ተገለበጠ፤ ሲሚንቶ፣ ብሎኬትና ብረት ሆነ። ለብዙ ሺህ ቤተሰብ የራሱ የሆነ በርና የራሱ የሆነ ሽንት ቤት መስጠቱን አቅልሎ ማየት አይገባም፤ በአንድ ሽንት ቤት ሃያ ሰው ተሰልፎ ያደረ ያውቀዋል። ነዳፊዎቹም የኢትዮጵያን ቤተሰብ ጨርሶ አልረሱትም። በየግቢው እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ ቤት ሠርተዋል። በወረቀት ላይ ይህ ከጉርና ቲያትር ጋር የሚወዳደር አሳቢነት ነው።

በተግባር ግን በአንዳንድ ግቢዎች የጋራው ቤት ተቆልፎ፣ ወይም ለሱቅና ለመጋዘን ተከራይቶ ይታያል። ምክንያቱ አይሰወርም። አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ሴት የቦካ ሊጥ፣ ምጣድና አክምባሎ ተሸክማ አራት ፎቅ ወርዳ፣ ጋግራ፣ ሞሰቡን ይዛ አራት ፎቅ መውጣት አለባት፤ ሕፃኑን ደግሞ ለማን ትተወው? ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምጣዷን በጠባቧ ማድ ቤት ወይም በረንዳ ላይ ትተክላለች፤ እንፋሎቱ ግድግዳውን ያረጥበዋል፤ የመብራቱ መስመር ይጨናነቃል። የጋራው ቤት ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ ትክክል ነበር። በየትኛው ፎቅ፣ ስንት ምጣድ ይዞ፣ ቁልፉ በማን እጅ ሆኖ የሚለው ግን የነዳፊው እርሳስ ብቻውን የሚመልሰው አልነበረም። በየሁለት ፎቁ መተላለፊያ ላይ ጭስና እንፋሎት ማውጫ ያለው አንድ የመጋገሪያ ክፍል ቢኖር፣ ወጪው ምናልባት በግቢው መካከል ብቻውን ከቆመው ቤት እጅግ አይበልጥም ነበር። በቀጣዩ ግንባታ ወረቀቱ ሳይሳል በፊት ይህንን መጠየቅ የሚገባው ለእድሩ ሰብሳቢም ለኮሚቴውም ብቻ አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሊጥ ለምታቦካው ሴት ጭምር ነው።